የዘገየ በልግና የአርሶ አደሩ ዘር

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የምሥረታ በዓል ሲከበር ስለተገኘው ትርፍ፣ ስለተሠራው መጋዘንና ስለተሠራጨው ግብዓት መናገር የተለመደ ነው። ያ ሁሉ በሪፖርቱ ስለተገለጸ ይህ ንግግር የሚያተኩረው የትኛውም ሒሳብ ሹም በመዝገብ ባላሰፈረው አንድ ወጪ ላይ ይሆናል። ይኸውም በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋዎች በልግ ጊዜውን ሲያዛባ አርሶ አደሩ ከጎተራው አውጥቶ በማሳው ላይ በትኖ የሚያጣው ዘር ነው።

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ፀደይ ይባላል። (በከተማ ብዙ ሰው ፀደይ የሚለው አደይ አበባ የምትፈነዳበትን ወራት ነው፤ በዚሁ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 በኋላ ያለው መፀው ነው።) የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን በልግ ብለው ይይዙታል። አርሶ አደሩ በበኩሉ ወቅቱን የሚለየው በሥራው ነው፤ ሞፈርና ቀንበር ከማድጃው ሲወርድ፣ ዘር ሲበጠር፣ በሬው ጭድ አልቆበት አንገቱን ወደ ሜዳ ሲያዞር በልግ መጣ ይላል።

በአገር ደረጃ ሲታይ የበልግ ምርት ከዓመቱ የእህል ምርት ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ነው። ይህ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ በልግ እንደ ተጨማሪ ምርት ብቻ የሚታይበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በደላንታ፣ በለጋምቦ፣ በጣርማበርና በመሳሰሉት ደጋዎች በክረምት ብርድ፣ ውርጭና ውሃ የሚተኛበት መሬት መኸሩን ስለሚያከብዱት፣ ከዓመቱ ቀለብ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ከበልግ ገብስ የሚጠብቅ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች በልግ የዓመቱ ዋና እርሻ እንጂ ተጨማሪ አይደለም።

የበልግ ዝናብ ጠባይ ከክረምቱ ይለያል። እርጥበቱ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዐረብ ባሕር የሚመጣ ሲሆን፣ ወደ ዝናብ ለመለወጥ ከሰሜን በኩል አልፎ አልፎ ከሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ጋር መገናኘት ይኖርበታል። ሁለቱ ሲገናኙ ይዘንባል፤ ሲተላለፉ ሰማዩ ይጠራል። አንድ ሳምንት ጥሎ ሦስት ሳምንት የሚጠፋ ዝናብ በበልግ እንግዳ ያልሆነውም ለዚህ ነው። እንግዳ የሚሆነው ጥፋቱ ሲረዝም፣ አጀማመሩ ከየካቲት ወደ መጋቢት መጨረሻ ሲገፋ ወይም በአንድ ሌሊት የወሩን ያህል ሲወርድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ሊነገር ይገባል። በብዙ ስብሰባዎች የሚወራው ስለ ቀረ በልግ ነው። በልግ ፈጽሞ ሲቀር ጉዳቱ ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይናገረዋል፣ ዘሩም ገና በጎተራ ነው። ይበልጥ የሚያደኸየው ግን ጀምሮ የሚያቋርጥ፣ ከዚያም ዘግይቶ የሚመለስ በልግ ነው። በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት መጀመሪያ ሁለት ቀን ይጥላል። አርሶ አደሩ በበጋ የከሳውን በሬ ጠምዶ ይዘራል። ቡቃያው ብቅ ሲል ሰማዩ ይዘጋል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረው የደረቀ ክር የመሰለ ነገር ነው። በመጋቢት ዝናቡ ሲመለስ ሁለተኛ ይታረሳል፣ ሁለተኛ ይዘራል። በየካቲት መጀመሪያ ተዘርቶ የያዘ ገብስ በሰኔ ሊታጨድ ሲችል በመጋቢት መጨረሻ የተዘራው ሐምሌ ውስጥ ይገባል። ያኔ ደግሞ በረዶ አለ፤ ነዶው አይደርቅም፣ አውድማው ጭቃ ነው፣ ፍሬው በዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ሁለት ጊዜ ያረሰው በሬ ለመኸር ማሳ ጉልበት አይተርፈውም። እንዲህ ያለው በልግ አንዱን ምርት አበላሽቶ ሌላውን ያዘገያል።

ኪሳራው በቁጥር ቢታይ መልካም ነው። ገብስ በብተና ሲዘራ ለአንድ ሄክታር ከ100 እስከ 125 ኪሎ ግራም ዘር ይወስዳል፤ በጥማድ 25 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ማለት ነው። በእርዳታ አሰጣጥ ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው እህል 15 ኪሎ ግራም መሆኑን እዚህ ያሉ አመራሮች ያውቁታል። በዚህ ስሌት አራት ጥማድ መሬት ዘርቶ ቡቃያው የደረቀበት አርሶ አደር አንድ ኩንታል፣ ማለትም አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ 40 ቀን የሚበላውን እህል አፈር ውስጥ ጥሏል። ለሁለተኛው ዘር ደግሞ እህል ከታኅሣሥ ይልቅ በተወደደበት ወራት ገበያ ይወጣል። በግ ይሸጣል፤ በጉ ካልበቃ ይበደራል።

ታዲያ ለምን ይቸኩላል? ይህ ጥያቄ አዘውትሮ የሚቀርብ ሲሆን መልሱም «የግንዛቤ እጥረት» ነው እየተባለ ይታለፋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በየማኅበሩ መጋዘን በር ላይ በየካቲት የሚሰማው ንግግር እንዲህ ያለ ነው።

«ልጄ፣ ከትናንት ወዲያ የጣለው ለዘር አይበቃም ትላለህ?»

«አባባ፣ አፈሩን ስንዝር ያህል ቆፍረው አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ፤ ከታች ደረቅ ነው።»

«እንግዲያው ትንሽ ቢታገሡ አይሻልም?»

«ጎረቤቶቼ ሁሉ ዘርተው እኔ ብቻዬን ልቀር?»

አዛውንቱ አልተሳሳቱም። ብቻውን ዘግይቶ የዘራ ሰው፣ አካባቢው ታጭዶ ከብት በቃርሚያው ሲለቀቅ የእሱ ማሳ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ወፉም ከየአቅጣጫው እዚያው ይሰፍራል። ከብት የሚጠብቅለት ልጅ ከሌለው ደግሞ የደረሰውን እህል በዓይኑ እያየ ያጣዋል። ስለሆነም መቼ ይዘራ የሚለው ጉዳይ የአንድ ሰው ውሳኔ ሊሆን አይችልም፤ የጎጡ ሁሉ ውሳኔ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስፈልገውም እንዲህ ላለው ነገር ጭምር ነው።

የወቅቱ መዛባት በእርሻ ብቻ አያበቃም። በደጋው ማገዶ የሚሆነው በአመዛኙ ኩበት ነው። ኩበት ተጠፍጥፎ የሚደርቀውና የሚከመረው በበጋ ሲሆን ያልታሰበ ዝናብ በጥር ሲጥል ገና ያልተከደነው ክምር ይበሰብሳል። ጉዳቱ በማንኛውም ቅጽ ላይ አይሞላም፤ የሚታወቀው በነሐሴ እናቶች እርጥብ ኩበት ላይ ዓይናቸው እስኪቀላ ሲያራግቡ ነው። በልጉ ሲዘገይ ደግሞ ምንጩ ይቀጥናል። ከደጅ የሚቀዳው ውሃ ገደል ወርዶ ወረፋ ተጠብቆ የሚቀዳ ይሆናል፤ ጀሪካኑን የምትሸከመው ልጅ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው።

ከብቱም የራሱ ችግር አለበት። ረጅም ድርቅ አሳልፎ ድንገት ለምለም ሣር ያገኘ በሬ ወይም በግ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ጭድ ቀማምሶ፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ መሰማራት አለበት። በመንዝ በኩል በግ የሚያረቡ ሰዎች ደግሞ የሚፈሩት ከነፋስ ጋር የሚመጣውን ቀዝቃዛ ዝናብ ነው። አዲስ የተወለደ ግልገል ከረጠበ በኋላ ሌሊቱን ሜዳ ላይ ወይም ጣሪያ በሌለው በረት ካደረ አይነጋለትም። ለፋሲካ ገበያ የታሰበችው በግ ዋጋም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ መኖ የጠፋ ዓመት ሁሉም በአንድ ሳምንት ያወጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። ከፋሲካ በኋላ የሚደገሰውን ሠርግ ዳስ የሚያፈርስ ዝናብም አለ። እሱ እንኳን ያስቃል፤ ደጋሹ ባይስቅም።

የማያስቀው መብረቅና ደራሽ ጎርፍ ነው። የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ነጎድጓድ ይበዛዋል። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ዝናብ ሲመጣ ብቻዋን በቆመች ዛፍ ሥር የመጠለል ልማድ አላቸው፤ ይህ አደገኛ መሆኑ በየቤቱ ሊነገራቸው ይገባል። ከኮረብታው ጫፍ መውረድ፣ ከዛፏም መራቅ ይሻላል። በቆላው በኩል ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እየወጣ ሳለ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ በደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ በድንገት ይደርሳል። ገበያ የሚሻገር ሰው ማየት ያለበት ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የተራራውን ጥቁረት ጭምር ነው።

ያለፉት ዓመታት ለዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ዘግይቶ ገብቶ አነሰ፤ ተከትሎ የመጣው ክረምት ደግሞ በኤል ኒኞ ምክንያት ተዛባ። በጥር 2007 ዓ.ም. 2.9 ሚሊዮን የነበረው የአስቸኳይ እርዳታ ፈላጊ ቁጥር በነሐሴ 4.5 ሚሊዮን፣ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. 8.2 ሚሊዮን፣ በታኅሣሥ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት የክረምት ድርቅ ብለው ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ምልክት በበልጉ ማሳ ላይ ታይቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በልጉ ዘግይቶ ከጀመረ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት 2008 ዓ.ም. በብዙ አካባቢዎች ጎርፍ ሆነ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በ2009 ዓ.ም. በልግ ደግሞ የአሜሪካ መጤ ተምች ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን በበቆሎ ላይ ታየ።

መልካም የሚባል በልግም ጣጣ እንዳለው መዘንጋት የለበትም። በ2002 ዓ.ም. በልጉ ጥሩ ዘንቦ እርጥበቱ ስለቀጠለ ቢጫ ዋግ በበልግ ስንዴ ላይ ተራብቶ ወደ መኸሩ ተሻገረ፤ ኩብሳና ገለማ የተባሉት ዝርያዎች በዚያን ጊዜ ክፉኛ ተጎዱ። እንግዲህ ማሳው አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ከአሰሳ መዘናጋት አይገባም።

ወደ ዘሩ እንመለስ ከተባለ፣ ለማድረግ የሚቻለው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በልግ ከመግባቱ በፊት የወቅቱን ትንበያ ያወጣል፤ በየአሥር ቀኑም መረጃ ይሰጣል። ትንበያው ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች እያለ ሰፊ አካባቢን በጅምላ የሚገልጽ በመሆኑ ለአንድ ጎጥ የዘር ቀን አይቆርጥለትም። «መደበኛ» የተባለ ዝናብ በመጠን መደበኛ ሆኖ በአመጣጡ የተበጣጠሰ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ማወቅ የሚቻለው እዚያው መንደር ውስጥ ሲለካ ነው። ለዚህም አፉና ታችኛው እኩል የሆነ ጣሳ፣ ከዛፍና ከቤት ራቅ ያለ እንጨት እና የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ጠዋት ጠዋት በጣሳው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ጥልቀት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ይጻፋል፣ ውሃውም ይደፋል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር፣ በአንድ ጥማድ ላይ 2,500 ሊትር ውሃ ነው።

ባለሙያዎች ዝናብ ጀመረ የሚሉት በአብዛኛው በሦስት ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር ያህል ሲጥልና ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ረዘም ያለ ደረቅ ጊዜ ሳይገባ ሲቀር ነው። የኋለኛውን ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም። የፊተኛውን ግን ጣሳው ይናገራል፤ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ የሚታየው አፈርም ያረጋግጣል። ሁለቱ ሳይሟሉ የጎጡ አባላት ተስማምተው ቢጠብቁ ብቻውን የሚቀር ሰው አይኖርም። ፍጹም መጠበቅ የማይችል ካለ ከማሳው ጥቂቱን ብቻ ዘርቶ ሌላውን ያቆየው።

ከመሠረታዊ ማኅበራቱ የሚጠበቀው በየመጋዘኑ የመጠባበቂያ ዘር መያዝ ነው። ይህ ዘር በየካቲት የሚከፋፈል ሳይሆን የመጀመሪያው ዘር የከሸፈበት አባል በብድር የሚወስደውና ከምርት በኋላ በዓይነት የሚመልሰው ነው። ገብስ ብቻ ሊሆንም አይገባም። በልጉ እስከ ሚያዝያ ከገፋ ገብሱን ትቶ ለመኸር ምስርና አተር መያዝ የሚሻልበት መሬት አለ፤ በቆላው ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ ካመለጠ ቶሎ የሚደርሱት እንደ ተሻለና መልካም ያሉ የማሽላ ዝርያዎች፣ ጤፍና ማሾ አሉ። ችግሩ እነዚህ ዘሮች የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ከዘር ወቅት በኋላ መሆኑ ነው። የዘገየ ዘር ደግሞ ከዘገየ ዝናብ ምንም አይሻልም።

ለአመራሮችም አንድ አቤቱታ አለ። በልግ ሲጀምር ከላይ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ቁጥር ስንት ሄክታር በዘር ተሸፈነ የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ሲመላለስ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አርሶ አደሩን ወደ ማሳ ይገፋል፤ አርሶ አደሩም አፈሩ ደረቅ መሆኑን እያወቀ ይበትናል። ሁለት ጊዜ የተዘራ አንድ ጥማድ በሪፖርት ላይ ሁለት ጥማድ ሆኖ እንዳይታይ፣ «የበቀለ» እና «እንደገና የተዘራ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች በቅጹ ላይ ቢጨመሩ እውነተኛው ወጪ ይታያል።

የመጠባበቂያው ዘር ከገና በፊት ተበጥሮ፣ በመጠኑ ተዘርቶ አበቃቀሉ ተፈትሾና ተመዝኖ መቀመጥ አለበት። ጣሳው ከጥር 1 ጀምሮ በመጋዘኑ ግቢ ይተከል። መዝገቡን ልጆቻቸውን በሚያስተምሩ አባላት ተራ ማስያዝ ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጻፈው ዜሮ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዜሮውም በየቀኑ ይጻፍ።