በቤትህ አንጻር ሥራ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለጽሑፍ የተዘጋጀ። ምንባብ፦ ነህምያ ምዕራፍ 2 እና 3)

በሚዛን፣ በቴፒ፣ በማሻ፣ በበበቃ፣ በየቡናው ማሳ መካከል ያላችሁ የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቤት ነው። ስለ ሰማዩ ቤታችን ብዙ ሰብከናል፤ ወደ ፊትም እንሰብካለን። ዛሬ ግን ቋሚውን ምስጥ ስለ በላው፣ ክዳኑ ስለሚያፈሰው፣ ወደ ጸሎት ስንሄድ በደጁ ስለምናልፈው ቤት ነው።

የአገራችንን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ሌላው ጋ መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፤ እኛ ጋ ግን ገና ይዘንባል። ይህ ዝናብ የእግዚአብሔር በረከት ነው። ቡናውን የሚያሳድገው፣ ኮረሪማውን የሚያለመልመው እርሱ ነው። ነገር ግን የአንዱን ቡና የሚያሳድገው ዝናብ፣ ረዳት የሌላትን መበለት ግድግዳ ይንዳል። ያው አንድ ዝናብ ነው! ታዲያ በረከቱ የደረሰው ሰው ጥፋቱ ለደረሰበት ጎረቤቱ ምን ሊያደርግ ይገባል?

እስቲ ነህምያን ግለጡ። ነህምያ የሚኖረው በውጭ አገር ነው። በሱሳ ከተማ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነው፤ ሥራ አለው፣ ክብር አለው፣ እንጀራው አልጎደለበትም። በዛሬ አነጋገር ዲያስፖራ ነው። የኢየሩሳሌም ቅጥር እንደ ፈረሰ ሲሰማ ግን ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ፤ ከዚያም ፈቃድ ጠይቆ ተነሣ። ማንም አላስገደደውም። በገዛ ፈቃዱ ሊሠራ ከሩቅ መጣ።

መጥቶስ ምን አደረገ? በደረሰ በማግሥቱ ስብሰባ አልጠራም። ሦስት ቀን ቆየ። በሌሊት ተነሥቶ ፍርስራሹን ዞሮ በዓይኑ አየ። አፉን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ሲናገርም ሕዝቡን ከሥራው ውጭ አላደረገም፤ ኑና አብረን እንሥራ ነው ያላቸው። ወገኖቼ፣ ሊረዳ የሚሄድ ሰው ሁሉ ከዚህ ይማር፦ ይይ፣ ይጠይቅ፣ ከዚያ አብሮ ይሥራ።

በእኛ ዘመንም እንዲህ ዓይነት ሰዎች ተነሥተዋል። ሚላርድ ፉለር የሚባል አሜሪካዊ ጠበቃና ነጋዴ ነበር፤ 30 ዓመት ሳይሞላው ሚሊየነር ሆነ። ገንዘቡ ሲበዛ ትዳሩ ግን ሊፈርስ ደረሰ። እርሱና ባለቤቱ ሊንዳ ቆም ብለው አሰቡ፤ ሀብታቸውን ሸጠው ለድሆች ሰጡና በጆርጂያ ወደሚገኝ ኮይኖንያ ወደሚባል የክርስቲያኖች እርሻ ሄዱ። እዚያ ክላረንስ ጆርዳን የሚባል የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ነበር። ሕጉ ጥቁርና ነጭን በሚለያይበት ዘመን፣ በዚያ እርሻ ሁለቱ በአንድ ማዕድ ይበሉ ነበር። ለድሆች ጎረቤቶች ቤት የመሥራቱ ሐሳብ የተወለደው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፉለርና ቤተሰቡ ያን ጊዜ ዛየር ወደምትባለው ኮንጎ ሄደው፣ እዚያም ሦስት ዓመት ቤት ሠሩ። ሲመለሱ በ1976 ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የሚባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ወደ አገራችን የገባው በ1993 ነው።

አሠራራቸውን ልብ በሉ። ቤቱ ዝም ብሎ የሚታደል ምጽዋት አልነበረም። ባለቤቱ በገዛ ጉልበቱ ይሠራል፤ ወጪውንም ያለ ትርፍ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሳል፤ የመለሰው ገንዘብ ደግሞ ለሌላው ቤት መሥሪያ ይሆናል። ከባሕር ማዶ በራሳቸው ወጪ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞችም ከእርሱ ጋር ድንጋይ ያቀብላሉ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጂሚ ካርተር ከ1984 ጀምሮ ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር በየጊዜው መዶሻ ይዘው ይወጡ ነበር። በ2019፣ በ95 ዓመታቸው ወድቀው ግንባራቸው ተሰፍቶ ሳለ እንኳ ወደ ሥራው ቦታ ሄደዋል። አገር የመራ ሰው ሚስማር ለመምታት አላፈረም!

ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ይገባልም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ፈረንጅ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚሠራው የማንን ጎረቤት ቤት ነው? የእኛን ጎረቤት! እኛስ የት ነበርን?

ወደ ነህምያ ምዕራፍ 3 እንለፍ። ብዙ ሰው ይህን ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው ብሎ ይዘለዋል። አትዝለሉት። አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገራል፦ እገሌ በቤቱ አንጻር ያለውን ሠራ፣ ከእርሱ ቀጥሎ እገሌ በቤቱ አንጻር ያለውን ሠራ። ነህምያ ከውጭ መጥቶ ሥራውን አስጀመረ፤ ቅጥሩ ያለቀው ግን እያንዳንዱ በደጃፉ ያለውን ስላነሣ ነው። በ52 ቀን አለቀ።

የሠሩትንስ ተመልከቱ። ወርቅ አንጥረኛው አለ፣ ሽቶ ቀማሚው አለ፤ ግንበኞች አልነበሩም። ሰሎም የሚባል ሹም ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሠራ። አንዱ ደግሞ በጓዳው አንጻር ሠራ፤ ያለችው አንዲት ክፍል ብትሆንም ከሥራው አልቀረም። አንገታቸውን ለሥራው ያላጎነበሱም ነበሩ፤ የቴቁሐ ታላላቆች። መጽሐፉ የሠሩትን ብቻ ሳይሆን ያልሠሩትንም መዝግቧል። አንባቢ ሆይ፣ የአንተ ስም በየትኛው በኩል ይጻፋል?

አሁን በግልጽ እንነጋገር። እኛ ለጸሎት ቤታችን ስናዋጣ ትንቢተ ሐጌን እንሰብካለን፤ የእግዚአብሔር ቤት ፈርሶ ሳለ እናንተ በተዋቡ ቤቶች ትቀመጣላችሁን እያልን። መልካም ነው። ነገር ግን አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን፣ በኋላ ወንበር ያለችው እናታችን ዝናቡ በመጣ ቁጥር አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ የምትጎትት ከሆነ፣ ሐጌ ዛሬ ማንን ይገሥጻል? መንፈስ ቅዱስ የሚያድርባት መቅደስ እርሷ አይደለችምን? ያዕቆብም በምዕራፍ 2 ራቁቱን ላለው ወንድም የሰላምታ ቃል ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። ጣሪያው ለሚያፈስበት ሰው "ጌታ ይባርክህ" ብሎ ማለፍም እንዲሁ ነው።

"ይህማ የመንግሥት ሥራ ነው፤ በየክረምቱ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደስ የለ?" የሚል አለ። ይታደሳል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ወረፋው ያልደረሳት አሮጊት በዚህ ዝናብ የት ትደር? "ወንጌል ይቀድማል" የሚልም አለ። አዎ፣ ወንጌል ይቀድማል። ወንጌሉን ያመጣልን ጌታ ግን ራሱ እንጨት ጠራቢ ነበር፤ እጁ መዶሻ ያውቃል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ቡናው ተለቅሞ ሲሸጥ እጃችን ላይ ጥቂት ብር ይኖራል። በጥርና በየካቲት ዝናቡም ጋብ ይላል። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ የቤት ለቤት ኅብረት አንድ ቤት ይምረጥ። አንድ ብቻ! በሥራውም እነዚህን አትርሱ፦

አንደኛ፣ እንደ ነህምያ ሄዳችሁ እዩ፤ ባለቤቷን ጠይቁ። እርሷ የምትፈልገው በር ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ጣሪያ ይዛችሁ አትሂዱ።

ሁለተኛ፣ የይዞታውን ወረቀት ከቀበሌ አጣሩ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ከአከራዩ ጋር ቁርጥ ያለ ስምምነት በጽሑፍ ይደረግ። አለበለዚያ ሠርታችሁ ስትወጡ ድሃዋ ትባረራለች፤ ያማረው ቤት ለሌላ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ አስቡ። ነህምያ እንኳ ለእንጨቱ ወደ ንጉሡ ዱር ጠባቂ ደብዳቤ አስጽፏል። የካፋና የሸካ ደን ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ቡናችንና ማራችን የሚገኝበት የልጆቻችን ርስት ነው። ስለዚህ ባህር ዛፍ ያለው ከጓሮው ይስጥ።

አራተኛ፣ ቶሎ ለመጨረስ ብላችሁ ሥራውን አታበላሹ። መሬት የሚገባው የቋሚው እግር ይለብለብ ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባ፣ ምስጥ እንዳይበላው። ከሥሩ ድንጋይ ይደርደር። ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ይበል፤ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። በጌታ ስም ተሠርቶ በዓመቱ የሚዘም ቤት ስሙን አያስከብርም።

አምስተኛ፣ ቤተሰቡ እጁን ያስገባ። ልጁ ጭቃ ያቡካ፣ እናቲቱም ብትችል ቡና ታፍላ። ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ አይሁን።

ስድስተኛ፣ ስታስረክቡ ፎቶ አንሥታችሁ አትበትኑ። ግራ እጅ ቀኝ እጅ የሠራውን እንዳያውቅ ጌታ አስተምሯል። የድሃ ፊት ማስታወቂያ አይደለም። ደግሞም የእኛን ሃይማኖት ካልተቀበለ አትበሉ። ኦርቶዶክስ ይሁን፣ ሙስሊም ይሁን፣ በደጃፍህ ያለው ጎረቤትህ ነው። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን ከማሰሩ በፊት ሃይማኖቱን አልጠየቀም።

ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ሐዘን ሲሆን በዕድር ድንኳን እንተክላለን፤ አዝመራ ሲደርስ በደቦ እንወጣለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለሞተ ሰው ድንኳን የምንተክል ሰዎች፣ በሕይወት ላለው ጣሪያ መክደን እንዴት ያቅተናል?

በመጨረሻ አንድ ነገር እንዳይሳሳትባችሁ። ቤት በመሥራት ማንም አይድንም። የዳንነው በጸጋ ነው፣ በእምነት። ነገር ግን የዳንነው መልካሙን ሥራ ለማድረግ እንደሆነ በኤፌሶን 2 ተጽፏል። ጌታን ገና ያልተቀበልህ ብትኖር፣ ስለ አንተ የሰማይ ክብሩን ትቶ ከሩቅ የመጣውን፣ በምድር ላይ ራሱን የሚያስጠጋበት ያልነበረውን ኢየሱስን ዛሬ ተቀበለው። የተቀበልኸው ከሆነ ደግሞ በርህን ክፈትና ወደ ውጭ ተመልከት። በቤትህ አንጻር ያለው የማን ቤት ነው?

አባት ሆይ፣ በደጃፋችን ያለውን እንድናይ ዓይናችንን ክፈት። ለጸሎት እንዳነሣናቸው ሁሉ ለሥራም እጆቻችንን አበርታ። ሳይዘንብ እንድንደርስ እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።