የደጋፊዎች ስጦታና የወጣቶች ማርሽ ባንድ፦ ገንዘቡ በቅድሚያ በምን ላይ ይዋል?



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ ወጣቶች ማርሽ ባንድ፣ ይበልጡንም ደጋፊዎች ለእንዲህ ያለ ባንድ ስለሚሰጡት ገንዘብ ነው። የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም፤ የማስተምረው ስለ ማኅበራትና ስለ ጋራ ሀብት አስተዳደር ነው። ወደዚህ ርእስ የሳበኝም ዜማው ሳይሆን ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር ነው፤ በልግስና የተገዛ መሣሪያ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይገኛል። ለጋሹ ሰጥቷል፣ ወጣቱ ፈልጓል፣ ትራምፔቱ አለ፤ ሙዚቃው ግን የለም።

መልሴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የደጋፊዎች ገንዘብ በቅድሚያ መግዛት ያለበት የትምህርት ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ ጥገና፣ ከዚያ መሣሪያ፣ በመጨረሻም የደንብ ልብስ። በአብዛኛው ሲደረግ የምናየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

አሰጣጡን እናስተውል። ከአካባቢው ወጥቶ አዲስ አበባ ላይ በንግድ የተሳካለት ሰው በመስቀል ወይም በአረፋ ወደ አገሩ ይገባል። ወጣቶች ሄደው «ጋሼ፣ ባንድ ልናቋቁም አስበናልና ያግዙን» ይሉታል። «ምን ያስፈልጋችኋል?» ሲላቸው መልሱ አንድ ነው፤ ዩኒፎርምና ትራምፔት። መምህር የሚለው ቃል አይነሣም። ወጣቶቹ አይፈረድባቸውም፤ መሣሪያ ጨብጦ የማያውቅ ሰው መምህር እንደሚጎድለው የሚረዳው ከጨበጠው በኋላ ነው። ለጋሹም ዓይን የሚያየውን ይመርጣል። በወርቃማ ክር የተጠለፈ ኮት ፎቶግራፍ ያምርበታል፤ የአንድ ወር ሥልጠና ግን በፎቶግራፍ አይታይም። በቫልቭ ዘይት ጠርሙስ ላይ ስሙ እንዲጻፍለት የጠየቀ ባለጸጋ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የማርሽ ሙዚቃ ወደ አገራችን የገባበትን መንገድ መመልከት እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ እርሱም ቢሆን በስጦታ ነው የገባው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ ሁለተኛ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎችን እንደላኩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ከዚሁ ጋር ሚሌቭስኪ የተባለ የፖላንድ ተወላጅ አሠልጣኝ ስሙ ይነሣል። ስጦታውን ስጦታ ያደረገው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። አሠልጣኝ ባይኖር መሣሪያዎቹ የቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት ጌጥ ሆነው በቀሩ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ የታወቀ ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ወጣቶች የሚጫወቱትን የነሐስ ባንድ ሰሙ። ወደዱትና አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ልጆቹ ከጊዜ በኋላ ተበታተኑ፤ መምህሩ ግን ቀሩ። እስከ ዘውዱ ሥርዓት ፍጻሜ ያገለገለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እርሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በተራቸው በአዲስ አበባ የሙዚቃ መምህርና አቀናባሪ ሆነው ብዙ ባለሙያ አፈሩ። ባንዱ ዕድሜው አጭር ነበር፤ ትምህርቱ ግን ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ተላልፏል።

ከዚያ በኋላ የተነሡትን የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የማዘጋጃ ቤት ባንዶችንም በዚሁ ዓይን ማየት ይቻላል። ከጉራጌ ቤተሰብ የተገኘው ማህሙድ አህመድ የዘፈነው ከክቡር ዘበኛ ባንድ ጋር ነው፤ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎናቸውን ይዘው የተነሡት ከማዘጋጃ ቤት ባንድ ነው። ሰዎቹ ተሰጥኦ ነበራቸው፤ በዚህ አንከራከርም። ነገር ግን ተሰጥኦአቸውን የተቀበለው ቤት የልምምድ ሰዓት፣ አለቃና ደመወዝ ያለው ቤት ነበር።

«ያ የመንግሥት አቅም ነው፤ እኛ የሠፈር ልጆች ነን» የሚል እንደሚኖር እገምታለሁ። እንግዲያስ ከመንግሥት ውጪ ወደ ኖረ ተሞክሮ እንሂድ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካና የማዕድን ሠራተኞች የነሐስ ባንዶችን አቋቁመው ነበር። ገንዘቡ ከአባላት መዋጮ፣ ከከተማው ነዋሪ ችሮታና ከፋብሪካ ባለቤቶች ይመጣል። ተጫዋቾቹ በትርፍ ሰዓታቸው የሚጫወቱ ሠራተኞች ነበሩ። ለአሠልጣኙ ግን ይከፈለው ነበር። ጆን ግላድኒና አሌክሳንደር ኦወን የመሰሉ ባለሙያዎች ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ በርከት ያሉ ባንዶችን በአንድ ጊዜ ያሠለጥኑ ነበር። አንዱ ባንድ ብቻውን ሊቀጥረው የማይችለውን ሰው በርካቶች ተካፍለው ቀጠሩት ማለት ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ ከዚህ የሚወስዱት ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በመዋጮ ረገድ የጉራጌ ሕዝብ ከማንም መማር አያሻውም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ከኪሳቸው እያዋጡ ወደ አገራቸው መንገድ ለማውጣት ተደራጅተው ነበር። ፈቃዱ ገዳሙ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የዓለምገና–ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበርን በስፋት መርምረዋል። ተማሪዎች ሆይ፣ ስለ ራስ አገዝ ልማት የምትጽፉ ከሆነ ከዚያ ጥናት ጀምሩ። እዚህ ላይ የምፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ለመንገድ ያዋጣ ሰው ምን እንደገዛ ያያል፤ በእግሩ ይረግጠዋል፣ በመኪናው ይሄድበታል። ለባንድ ያዋጣ ሰው የገዛውን ማየት አይችልም፤ ድምፅ አይታይምና። ልብስና መሣሪያ የሚያሸንፉት በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ለጋሹ ግብዝ ስለሆነ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። የማቀርበው ድርሻ የራሴ ሐሳብ ነውና ተከራከሩበት። ከተሰጠ ከመቶ ብር ሃምሳው ለመምህር፣ ሃያው ለጥገናና ለሚያልቁ ነገሮች፣ ሃያው ለመሣሪያ፣ አሥሩ ለልብስ።

ለመሣሪያ ሃያ ብቻ መመደቤ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነ አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አሥራ ሁለት ጀማሪዎች አሉ እንበል። የተለመደው አሠራር አሥራ ሁለት ትራምፔት መግዛት ነው። ሆኖም ጀማሪ ከንፈሩ ስለሚዝል በአንድ ጊዜ ብዙ ሊነፋ አይችልም፤ ሩብ ሰዓት ነፍቶ ማረፍ አለበት። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ለሦስት ልጆች ይበቃል። አንዱ ሲነፋ ሁለተኛው ኖታ ያነብባል፣ ሦስተኛው የእግር አጣጣሉን በከበሮ ምት ይለማመዳል። ለእያንዳንዱ ሊገዛለት የሚገባው ከአፍ የሚገጥመው ትንሹ ክፍል ነው፤ ዋጋው ከሙሉው መሣሪያ ጋር አይወዳደርም፣ ለጤናም የግድ ነው። አራት ትራምፔትና አሥራ ሁለት የአፍ ክፍል ተገዛ ማለት ከስምንት ትራምፔት የተረፈው ገንዘብ ወደ መምህሩ ዞረ ማለት ነው።

ጥገናን በተመለከተ የነሐስ መሣሪያ ጠንካራ ይመስላል እንጂ አይደለም። የትሮምቦን ተንሸራታች ቱቦ ትንሽ ከተሰረጎደ መሣሪያው ሥራ ያቆማል። ዘይት ያላየ ቫልቭ በክረምት ይጣበቃል፤ ልጁ በጉልበት ሲጫነው ይጎብጣል። ክላርኔትና ሳክስፎን በአፋቸው ላይ የምትታሰረው ስስ ሸምበቆ ከተሰነጠቀች ድምፅ የላቸውም፤ እርሷ ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የምታልቅ ናት። አንድ ሙሉ ክላርኔት በአንዲት ሸምበቆ እጦት ዓመት ሊተኛ ይችላል። የተላቀቀ ቱቦን መልሶ ማያያዝ ከባንዱ መምህር ምክር ጋር በራዲያተር ጠጋኝ እጅ ሊሞከር ይችላል፤ ቫልቭ አጠገብ ግን እሳት አይቅረብ። ከበሮውስ? ለእርሱ ባለሙያ አናጣም።

የልብሱን ነገር አቃልዬ ማለፌ አይደለም። አብሮ መሰለፍ አንድ ዓይነት መልበስን ይጠይቃል፤ የአንድ ወጣት ኩራትም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ፣ ከደረት ላይ ከሚታሰር የከተማው ቀለም ጋር፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። እስከ ቁርጭምጭሚት የተሰፋ ኮት ልጁ ሲረዝም ያጥረዋል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን ቁመት በጀት አያቆመውም።

ለተጫዋቾቹ ራሳቸው ገንዘብ ይከፈል ወይ? ከስጦታው አይከፈል እላለሁ። አንድ ጊዜ አበል ከተጀመረ የአበሉ ዝርዝር የባንዱ ዋና ሰነድ ይሆናል። የትርኢት ቀን ምሳና መጓጓዣ ግን ሊጎድል አይገባም፤ ለሠርግ ወይም ለምረቃ ተጠርተው የሚያገኙት ክፍያም ከፊሉ ለራሳቸው ይሁን። ሌላም መዘንጋት የሌለበት ወጪ አለ። ልምምድ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚያልቅ ከሆነ ሴቶች ልጆች በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀራሉ፤ ወላጅ አይፈቅድም፣ ልክም ነው። መምህሩ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት እንዲገኝ የሚያስችል ክፍያ ግማሹን የከተማ ወጣት ከባንዱ ላለማስወጣት የሚከፈል ነው።

የቀን መቁጠሪያውም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ገንዘብ የሚሰበሰበው ሰው ወደ አገሩ በሚገባበት በመስቀልና በአረፋ ሰሞን ነው፤ ሙዚቃውም የሚፈለገው ያኔ ነው። መማር ያለባቸው ግን በቀሩት ወራት ነው። በመስከረም የገባ ገንዘብ በመስከረም ካለቀ በጥር መምህር የለም። ስለዚህ የመምህሩ ድርሻ ለብቻው ተቀምጦ በአሥር ወር ተከፋፍሎ ይውጣ። ለጋሹ ስሙ እንዲታወስ ከፈለገ፣ እንዲፈልግም መብቱ ነው፣ «የዘንድሮውን መምህር የቀጠሩልን እገሌ ናቸው» ተብሎ በአደባባይ ይነገርለት።

መሣሪያው የማን ነው ወደሚለው እንምጣ፤ ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ከቀበሌ ጋር የተቆራኙ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ ቡድኖቹ ባለቤት አጡ። ዛሬ ደግሞ መሣሪያው ባንዱን በመሠረተው ልጅ ቤት ይቀመጣል፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወይም ሥራ ፍለጋ ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ሁለቱንም መከተል የለብንም፤ አርአያው በየሠፈሩ አለና። ዕድራችን ድንኳን፣ ድስት፣ ሳህንና አግዳሚ ወንበር አለው። ሁሉም በመዝገብ የሰፈረ ነው፤ ዕቃ ጠባቂ አለው፤ ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ የሰበረ ይተካል። የዕድሩ ሊቀ መንበር ቢለወጥም ድስቱ አይጠፋም። ትራምፔት ከድስት በምን ያንሳል? በዚሁ መተዳደሪያ ይያዝ፤ ተጫዋቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ለታናሹ ፈርሞ ያስረክብ።

የቀረኝ የሁለቱ ከተሞች ጉዳይ ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች አሉ። ዛሬ ደግሞ አንዷ የጉራጌ ዞን፣ ሌላዋ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው፤ ስጦታውም በዚያው መጠን መከፋፈሉ አይቀርም። ሁለት ደካማ ባንድና ሁለት የግማሽ ቀን አሠልጣኝ ከምናቆም፣ ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቀ አንድ መምህር ሁለቱ ከተሞች ተካፍለው ቢቀጥሩ፣ ሳምንት እዚህ ሳምንት እዚያ ቢያስተምር ይሻላል። መምህሩ በሌለበት ሳምንት የቀደሙት ልጆች አዲሶቹን ያለማምዱ። የጋራ ሒሳቡ በማን ስም ይከፈት፣ ፈራሚዎቹስ ከየት ይምረጡ የሚለው ቀላል አይደለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከሁለቱም ከተማ፣ ሴቶችም ያሉበት ኮሚቴ እንደሚያስፈልግ ግን አልጠራጠርም። የገንዘብ ለጋሹ አንድ ወንበር ሊኖረው ይችላል፤ ባንዱን ለፈለገው ሰልፍ የማዘዝ ሥልጣን ግን አይኑረው። ይህ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ገንዘቡ ከመቀበሉ በፊት ይጻፍ።

በቀረው ጊዜ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከቡታጅራ የመጡት እንግዶች ስለ ጋራ ሒሳቡ አስተያየት እንዳላቸው ስለነገሩኝ በእነርሱ እንጀምር።