ኮሌጃችን ለምን በውጭ አገር መምህራን ጀመረ?

በጠዳ በተደረገው የምሩቃን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



እኛ ስንገናኝ ወሬያችን ዶርም፣ ፈተናና ዱቲ ነው። ዛሬ ግን ኮሌጃችን ከመወለዱ በፊት ወደነበረው ዘመን ልውሰዳችሁ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ካስተማሩት አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የራሳችን ሐኪም አልነበረንም እንዴ?

ነበረን፤ ያውም የጎንደር ልጅ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ገና ሕፃን ሳሉ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ሕንድ ገቡ፤ ላሆር ላይም ሕክምና ተማሩ። በውጭ አገር ዶክተር ማርቲን ይሏቸዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሕክምናቸው አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሠሩትን ስታዩት አብዛኛው ከሕክምና ውጭ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሪያን ቀስ በቀስ ነፃ የሚያወጣ አዋጅ ወጣ። በ1917 የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የመሩት እኚሁ ሐኪም ናቸው። በ1920 ደግሞ በጣና ግድብ ጉዳይ ከአንድ ኩባንያ ጋር ሊነጋገሩ አሜሪካ ተላኩ። ጣና ስል ይሄው ከጠዳ ቁልቁል ያለው ጣናችን ማለቴ ነው! ግድቡ ግን ሳይሠራ ቀረ። በኋላም ጨርጨርን አስተዳደሩ።

እንግዲህ ይህ ለውጥ አዲስ አበባን ሲነካ ጎንደርን ብዙም አልነካም። ቤጌምድር በራስ ጉግሣ ወሌ እጅ ነበር። ራስ ጉግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ፣ አውሮፕላን በታየበት ጦርነት ወደቁ። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው መጋቢት 22፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ በማግስቱ ጎንደር በጣሊያን ተያዘች። ለአዲሱ ሥርዓት እዚህ ሥር ለመስደድ የተሰጠው ጊዜ ስድስት ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው። በስድስት ዓመት አንድ ሐኪም እንኳ ከመጀመሪያው አስተምሮ ማስመረቅ አይቻልም እኮ።

ከዚያ የሆነው ይከብደኛል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፋሽስቶች የተማረውን ወጣት እያደኑ ፈጁት። ከተገደሉት መካከል እንግሊዝ አገር የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ ይገኙበታል። አባታቸው ጦርነቱ ሲጀመር በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ፤ ለዓለም ሲጮኹ የሰማቸው ጥቂት ነው።

«ጣሊያን ሠራልን» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ፒያሳ ላይ ማኪያቶ መጠጣት እኔም እወዳለሁ፤ የሊማሊሞን መንገድም አደንቃለሁ። ነገር ግን ያው መንግሥት ለኢትዮጵያዊ ልጅ ከአንደኛ ደረጃ በላይ ትምህርት አልፈቀደም። ጎንደር በኅዳር 1934 ነፃ ስትወጣ መንገድና ሕንፃ ነበራት፤ አስተማሪ ግን አልነበራትም። የ1947ቱ ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው ይኸው ይመስለኛል።

መምህሮቻችንን አንድ ነገር ልለምን። የሕክምና ተማሪ ስለ ሂፖክራተስ ይሰማል፤ ስለ ሐኪም ወርቅነህ ግን ሳይሰማ የሚመረቀው ብዙ ነው። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ሰዓት ትፈቅዱልን? ለዘንድሮው እኔው ራሴ እመጣለሁ፤ የጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎችም ቢጨመሩ ደስ ይለኛል።