የሚጠቀለል ሸራ በነፋስ ስልክ



አዘጋጆቹ «ውጭ አገር ምን እየሠራህ ነው?» ስላሉኝ ነፋስ ስልክ ላይ ቆሜ ስለ ጀልባ ሸራ ላወራችሁ ነው። ለሰፈሩ ስም ይስማማል መቼስ! (ስሙ የመጣው ያለ ሽቦ ከሚሠራው የሬዲዮ ጣቢያ መሆኑን ታላላቆቻችን ያውቃሉ።)

የጣና ታንኳ በዘንግ ይገፋል፤ ሸራ የለውም። እኔ የምገጥመው የጀልባን የፊት ሸራ የሚጠቀልል መሣሪያ ነው። የላፍቶ ሱቆችን ተጠቅላይ በር አስቡት። እሱ አግድም ቧንቧ ላይ ይጠቀለላል፤ ይኼኛው ከጀልባው አፍንጫ እስከ ምሰሶው ጫፍ በተወጠረ ካቦ ዙሪያ። ከታች ከበሮ አለ፤ ገመዱን ስትስቡ ሸራው ይጠቀለላል። ከላይ ባለ ኩሽኔታ ማዞሪያ አለ፤ የታችኛው ግማሽ ከሸራው ጋር ይዞራል፣ መስቀያው ገመድ የታሰረበት የላይኛው ግን መዞር የለበትም።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። መስቀያው ገመድ ከካቦው ጋር ትይዩ ከሆነ አብሮ ዞሮ ይጠመጠምበታል። ነፋስ ሲበረታ ሸራው እምቢ ይላል፤ ሰው በጉልበት ሲጎትት የካቦው ክሮች ይፈታሉ። ካቦው ከተበጠሰ ምሰሶው ወደ ኋላ፣ ሰው ወደሚቀመጥበት ሊወድቅ ይችላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። መስቀያው ገመድ ከካቦው ወደ ኋላ 10 ዲግሪ ያህል ይለይ። ሸራው ካጠረ ጫፉ ላይ ቁራጭ ካቦ ቀጥሎ ማዞሪያውን ወደ ላይ ማድረስ ነው። ማዕዘኑ አሁንም ካልተገኘ ገመዱን ወደ ምሰሶው የሚያስጠጋ ማለፊያ ይገጠማል። መምህሮቼ፣ በስታቲክስ ክፍል ሰሌዳ ላይ የሣላችሁልን ትሪያንግል ይኸው ነው።

ናሙናው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ መጥታችሁ አዙሩት።