ስለ ጀልባ የኋላ ጉዞ
በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




የወገዳ ልጅ ስለ ጀልባ ምን ያውቃል ብላችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። እርግጥ ነው፤ አገራችን ደጋና ገደል እንጂ ሐይቅ የላትም። ይሁን እንጂ ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ጉዟቸውን የሚጨርሱት በጣና ስለ ሆነ፥ እኛም ውሃውን ተከትለን መውረዳችን አልቀረም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በጣና ዳር ከአንድ መሳፈሪያ በሞተር ጀልባ ተሳፍሬ ነበር። ጀልባዋ ለመውጣት ወደ ኋላ መሄድ ነበረባት። ከበስተኋላችን በግራ በኩል እንጨት የጫነ ታንኳ ቆሟል። ነጂው መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ የጀልባዋ ኋላ ግን ወደ ግራ፥ ወደ ታንኳው ሄደ። ደንግጦ ነዳጅ ቢጨምር ነገሩ ባሰ። ባለታንኳው በመቅዘፊያው ገፍቶ ባያመልጥ ኖሮ፥ ዛሬ የምነግራችሁ ሐዘን በሆነ ነበር።

ነጂው ሰነፍ አልነበረም፤ የጐደለው ምክንያቱን ማወቅ ነው። ምክንያቱም የሚከተለው ነው።

መሪ የሚሠራው ውሃ ሲያልፍበት ነው። ወደ ፊት ሲኬድ ፕሮፔለሩ ውሃውን በመሪው ላይ ስለሚገፋው፥ ጀልባዋ ገና ሳትፈጥን ትታዘዛለች። የኋላ ማርሽ ሲገባ ግን ውሃው የሚገፋው ወደ ጀልባዋ ሆድ ነው፤ ስለዚህ ጀልባዋ ራሷ ፍጥነት እስክታገኝ ድረስ መሪው በድን ነው። በዚህ ላይ የፕሮፔለሩ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ያዘነበለ በመሆኑና የሚገፋውም ውሃ አንዱን ጎኗን አብልጦ ስለሚመታ፥ ኋላዋ ወደ ጎን ይሸሻል። ከበስተኋላ ሲታይ ወደ ፊት በሚኬድበት ጊዜ ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር፥ በኋላ ማርሽ የጀልባዋን ኋላ ወደ ግራ ይወስደዋል። ሸራ ያላት ጀልባም ብትሆን ሞተሯን ስታስነሣ ከዚህ ሕግ አታመልጥም። ሞተሩ ራሱ ከጀርባዋ ተሰቅሎ የሚዞር ከሆነ ግን ግፊቱን ማዞር ስለሚቻል ችግሩ ይቀላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፥ የጀልባዋን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ነው። በገመድ እንደ ታሰረች የኋላ ማርሽ አስገብቶ አረፋው በየትኛው ጎን እንደሚበዛ ማየት ይበቃል፤ ኋላዋ የሚሸሸው ወደ ሌላው ጎን ነው።

ሁለተኛ፥ ኋላዋ የሚሸሽበት ስፍራ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጡ አለመነሣት ነው።

ሦስተኛ፥ ነዳጅ ለአጭር ጊዜ ሰጥቶ፥ ጀልባዋ ፍጥነት ስታገኝ ማርሹን ፎሌ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ የጎን ግፊቱ ይቀራል፤ በያዘችው ፍጥነት ስለምትሄድም መሪው ይታዘዛል።

አራተኛ፥ መሪውን አጥብቆ መያዝ ነው፤ በኋላ ጉዞ ውሃው ከእጅ ሊነጥቀው ይችላል።

ነፋስም የጀልባዋን ፊት ስለሚገፋ፥ ጀማሪ ሰው ጣና ጸጥ በሚልበት በማለዳ ቢለማመድ ይሻለዋል።

ይህ ጠባይ ለሚያውቀው ሰው ረዳት ነው። ኋላዋ ወደ ግራ የሚሸሽ ጀልባ በግራ ጎኗ ወደ ወደቡ ተጠግታ፥ ለመቆም የኋላ ማርሽ ስታስገባ፥ ኋላዋ ራሱ ወደ ወደቡ ይጠጋላታል። በጠባብ ቦታም ወደ ቀኝ መዞር ይቀላታል።

ጓደኞቼ ሆይ፥ የደንገል ታንኳ ሞተር የለውም፤ ፈጥኖ መሸሽም አይችልም። ስለዚህ መጠንቀቅ የሚገባው ባለሞተሩ ነው። ማኅበራችን ልምድ ያላቸውን የጣና ነጂዎች ጋብዞ፥ ይህን ትምህርት በባዶ ጀልባ በተግባር እንዲያሳዩን ቢያደርግ መልካም ነው እላለሁ። ያ ነጂ ነዳጅ ከመጨመሩ በፊት ማርሹን ፎሌ ቢያደርግ ኖሮ፥ ባለታንኳው እንጨቱን ይዞ በሰላም ባለፈ ነበር።