የጠራነውን እንግዳ ማን ይመልሰዋል?

የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያዎች፣ የአዳራሽ ኃላፊዎች፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ መምህራን፣ ነፋስ መውጫ የተሰበሰብነው ለሥልጠና ነው።

መርሐ ግብሩ ስለ መድረክ አመራር ነው ይላል። እኔ ግን ከመድረኩ በፊት የሚሆነውን ላንሣ። ግጥሙን እንዲያነብ ወይም ስለ መጽሐፉ እንዲናገር የተጠራ ሰው በዋዜማው «አትምጣ» ይባላል። እንዴት እንደሚባል ታውቁታላችሁ። ደብዳቤ የለም፤ ስልክ ይደወላል። «ለጊዜው ይቆይ ተብሏል»፤ ማን እንዳለ አይነገርም። ወይ አዳራሹ ለአስቸኳይ ስብሰባ ይፈለጋል፣ ወይ ቁልፍ ያዡ መስክ ይወጣል። ማስታወቂያውን የለጠፈው ተማሪ ራሱ ከግድግዳ ይልጠዋል። ከለከልኩ የሚል ሰው የለም፤ ዝግጅቱ ግን ቀርቷል።

ነገሩ የቆየ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929ኙ ጭፍጨፋ በኋላ የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ ግራዚያኒ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን ለሮም በቴሌግራም አሳውቋል። መድፍና አውሮፕላን የያዘ ሰው መሰንቆ ፈራ።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ በ2006 ዓ.ም. ድምፃዊ ቴዲ አፍሮ በበደሌ ቢራ ስፖንሰርነት በየከተማው ሊያቀርባቸው የነበሩ ኮንሰርቶች ተሰረዙ። መነሻው ስለ አጼ ምኒልክ ጦርነቶች ተናገረው የተባለ፣ እሱ ግን አላልኩም ያለው ቃል ነበር። ቢራውን አንጠጣም የሚል ዘመቻ በማኅበራዊ ሚዲያ ተከፈተ፤ የቢራው ባለቤት ሄኒከንም ስፖንሰርነቱን ተወ። በነሐሴ 2009 ደግሞ «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ በሂልተን ሊመረቅ ሲል ፖሊስ ፈቃድ የላችሁም ብሎ አስቀረው። በዚያ አልበም አጼ ቴዎድሮስን የሚያነሣ ዘፈን አለ፤ መድፋቸው ሴባስቶፖል ከጋፋት ወደ መቅደላ የተጎተተው በዚሁ በጨጨሆ በኩል ነውና ጋይንት ሳይሰማው የቀረ አይመስለኝም።

የመጀመሪያውን ያስቀረው የተቆጣ ሕዝብ ነው፣ ሁለተኛውን ፖሊስ። ቢራውን አልጠጣም ማለት የጠጪው መብት ነው፤ በዚያ አልከራከርም። ጎረቤቱም እንዳይሰማ በሩን ማዘጋት ግን መብቱ አይደለም። ለቴዲ መከራከር እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንንም አይከብድም። እስኪ ስለ አጼ ምኒልክ እኛን የሚያስቆጣ መጽሐፍ የጻፈ ሰው እስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ተጠርቷል እንበል። ያን ጊዜ ስልክ የምንደውለው እኛው እንዳንሆን እሰጋለሁ።

ያደግንበት ልማድ እንኳ ሳይሰሙ መከልከልን አያስተምርም። ለድጓ ምስክር ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ሳይደመጥ አይመለስም። ቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ካልሆነለትም ይቆጣል። የኔታ ለንግግር ነጻነት ብለው አልነበረም ይህን ያደረጉት። ቢሆንም ያልተነገረ ቅኔ የሚታረምበት መንገድ አላገኙም።

ሕጉም ከእኛ ይልቅ ደፋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በቃልም በሥነ ጥበብም የመግለጽ ነጻነትን አረጋግጦ ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ አደባባይ ንግግርን ግን ለይቶ ያግዳል። የ1983ቱ አዋጅ ቁጥር 3 ለሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። ለፖለቲካ ስብሰባ ያልተጠየቀ ፈቃድ ለግጥም ምሽት የሚጠየቅበትን ምክንያት ያገኘ ካለ፣ ከሰዓት በኋላ ይንገረኝ።

ያለንበትን ጊዜ አልዘነጋሁም። ሰው እንዳይጎዳ ዝግጅት ማስተላለፍ ግድ የሚሆንበት ቀን አለ። ያን ቀን የሚያስተላልፈው ሰው ምክንያቱንና ተለዋጭ ቀኑን ይጻፍ፣ በስሙም ይፈርም። እንግዳውን «አትምጣ» የሚለውም የጠራው ክፍል ራሱ ይሁን።

ስለዚህ ከሻይ ዕረፍቱ በፊት በየወረዳችሁ ሆናችሁ አንድ ገጽ ትጽፋላችሁ፦ የጠራችሁት እንግዳ ይቅር የሚል ጥያቄ ሲመጣ ማን ይቀበላል፣ በስንት ቀን ይመልሳል፣ በማን ፊርማ? ለልምምዱ የምትመርጡት እንግዳ የምትወዱት ሰው እንዳይሆን አደራ። ሥልጠናው ተከፍቷል።