ጎማ የማይበላው መንሸራተት

በሐዋሳ የባጃጁን ወንበር በኅብረ ቀለም ያስጌጠ፣ በኋላ መስተዋቱም ላይ ጥቅስ የለጠፈ ወጣት፣ ማታ በስልኩ የመኪና ውድድር ጨዋታ ከፍቶ የምናብ መኪናውን ቀለም ሲቀባና ጎማ ሲለውጥ ብታዩት፣ ግብሩ ያው የቀኑ ግብር መሆኑን ትረዳላችሁ።

በእንዲህ ያለ ጨዋታ የሚለማመዱት፣ «ድሪፍት» የሚባለው፣ በጃፓን ተራራማ መንገዶች የጎለመሰውና እንደ ኬይቺ ጹቺያ ባሉ ነጂዎች ስመ ጥር የሆነው ጥበብ፣ ምስጢሩ የኋላ ጎማዎች መሬቱን አጥብቀው መያዝ ትተው ወደ ጎን ሲንሸራተቱ፣ መሪውን በመታጠፊያው ተቃራኒ አዙሮ፣ ነዳጁንም በእግር እየመጠኑ፣ መኪናው ዞሮ ሳይቀር በሰያፍ ማሳለፍ ነው፤ በእኛ አገር ይህን ትምህርት የክረምት ጭቃ ሳይወድ በግዱ ያስተማረው ሹፌር ጥቂት አይደለም።

በኢንተርኔት ሲጫወቱት ግን ሌላ ረቂቅ ነገር ይጨመራል፤ የእያንዳንዱ ተጫዋች መሣሪያ የመኪናውን ስፍራና ፍጥነት በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይልካልና፣ መልእክቱ በዘገየ ጊዜ የተቀባዩ መሣሪያ ቀጣዩን ስፍራ በግምት ይሥላል፤ የሚንሸራተት መኪና አቅጣጫው በቅጽበት ስለሚለዋወጥ ግምቱ ይስታል፤ መኪናውም እንደ መንፈስ ከአንዱ ስፍራ ተሰውሮ በሌላው ይገለጣል። ስለዚህ ኔትወርኩ በተንቀራፈፈ ሰዓት ከወዳጃችሁ ጎን ለጎን ለመንሸራተት አትድከሙ፤ ብቻችሁን ተለማመዱ።